ኦሬጋኖ ሲጠፋ ጦስኝን ወይም ኮሰረትን መጠቀም

ለፓስታ ስጎ ወይም ለፒዛ ኦሬጋኖ ፈልጋችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ካጣችሁ፣ ጦስኝ ቦታውን በሚገባ ይሸፍናል። የጣሊያንና የግሪክ ምግብ የሚቀመምበት ኦሬጋኖ በመንዝ፣ በጣርማበርና በአንኮበር ደጋ ከሚበቅለው ጦስኝ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ የሁለቱም መዓዛ በአብዛኛው የሚመነጨው ካርቫክሮልና ታይሞል ከተባሉ ውህዶች ነው።

ደረቁን ጦስኝ ከጭራሮው ለይታችሁ፣ በመዳፋችሁ መካከል አሽታችሁ፣ ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለ በኋላ ቲማቲሙ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ጨምሩት፤ እነዚህ ውህዶች ከውኃ ይልቅ በዘይት ስለሚሟሟ መዓዛው በስጎው ሁሉ ይዳረሳል። ከታዘዘው መጠን በግማሹ መጀመር ይሻላል፤ ጦስኝ ሲበዛ ምግቡ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። እርጥብ ከሆነ ግን ድስቱ ሊወጣ ሲል ይነስነስ።

የሜክሲኮ ኦሬጋኖ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ተክል ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ቅቤ የምናነጥርበት ኮሰረት ነው። ስለዚህ በርበሬ ለበዛበት የቦሎቄ ወይም የሥጋ ወጥ የሜክሲኮ ኦሬጋኖ ሲታዘዝ፣ ጣዕማቸው አንድ ባይሆንም፣ ጥቂት ኮሰረት ሞክሩ። ለፒዛና ለሰላጣ ግን ኮሰረትን አልመክርም፤ ቅቤ በሌለበት ምግብ ላይ ጠረኑ ከሌላው ጣዕም ሁሉ በላይ ጎልቶ ይወጣል።