ለእንቁጣጣሽም ለመጸውም የሚሆን የቤት ማስዋቢያ፦ ከስሪፍት ስቶር በርካሽ እንዴት እንደሚገዛ

በአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት እንቁጣጣሽን ስናከብር የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ገና አረንጓዴ ነው። የመስቀል ሰሞን ሜፕል ከሚባለው ዛፍ አንዳንዱ ከጫፉ መቅላት ይጀምራል። መስከረም 26 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ክረምቱ ወጥቶ መጸው ሲገባ፣ የጎረቤቶቻችን ደጃፍ በዱባ ተሞልቶ እናገኘዋለን። እኛ ዘመነ ጽጌ የምንለውና እነርሱ ቤታቸውን በቅጠልና በዱባ የሚያስጌጡበት ወቅት በዚህ መልክ ይገጥማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ የተዋበ ቤት ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳሩ የምስጋና ቀን ድረስ፣ ከሁለት ወር በላይ፣ ያገለግላል።

እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ትልቅ መደብር የመጸው ጌጥ ገዛሁ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሰሌዳዎች፣ ከስፖንጅ የተሠሩ ዱባዎች፣ የፕላስቲክ ቅጠሎች ነበሩ። ዘጠና ዶላር ከፈልኩ። በዓመቱ ሳጥኑን ስከፍት ስፖንጁ ተፈርፍሯል፣ ቅጠሉም ነጥቷል። ከዚያ በኋላ ማስዋቢያ የምገዛው ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡባቸው መደብሮች፣ ሁላችንም ስሪፍት ስቶር ከምንላቸው፣ ብቻ ነው። የምመራበትም አንድ ደንብ አለኝ፦ «መጸው» ብሎ የሚናገር ዕቃ አልገዛም፤ የመጸው ቀለምና ቁስ ያለውን እገዛለሁ። ቅርጫት፣ ነሐስ፣ እንጨት፣ ሱፍና ቡናማ ብርጭቆ በሚቀጥለው ዓመትም ዋጋቸው ያው ነው።

ከመሄድዎ በፊት

ቤትዎን ይዙሩና ሦስት ቦታ ብቻ ይምረጡ። ለብዙዎቻችን የሚበቃው የመግቢያው በር፣ ቡና የሚፈላበት ጥግና አንድ ባዶ ግድግዳ ነው። ቦታዎቹን በሜትር ለክተው ልኩን ይጻፉ፤ በስልክዎም ፎቶግራፍ ያንሷቸው። መደብር ውስጥ ዕቃው ሁሉ ትንሽ ስለሚመስል፣ ሳይለኩ የገዙት መስተዋት ቤት ሲደርስ ግድግዳውን ይሞላዋል።

ቀጥሎ ሦስት ቀለም ይወስኑ። እኔ የአደይን ቢጫ፣ የሸክላን ቡናማና ጠቆር ያለ ቀይ ይዤ እሄዳለሁ። ከእነዚህ ውጭ የሆነውን፣ ምንም ያህል ቢያምርና ቢረክስ፣ አልፈዋለሁ። በቦርሳዎ ሜትር፣ ትንሽ ማግኔትና ለብርጭቆ መጠቅለያ የሚሆን ጨርቅ ይያዙ። ገንዘቡንም አስቀድመው ይወስኑ። እኔ በዓመት ከ40 ዶላር አላልፍም። በሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ እንደሚጨመር አይርሱ።

መቼና የት

ከሁሉ የሚታወቀው ጉድዊል ነው። በ1902 በቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ሰባኪ የጀመሩት ሲሆን፣ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ሰዎችን ለሥራ ለማሠልጠን ይውላል። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅትም የራሱ መደብሮች አሉት። መደርደሪያ፣ ትንንሽ ጠረጴዛና የመብራት ዕቃ ለሚፈልግ ደግሞ ለችግረኞች ቤት የሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚያካሂደው ሪስቶር የተባለ መደብር ይሻላል። ከእነዚህ ውጭ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ዕቃቸውን በግቢያቸው ዘርግተው ሲሸጡ ዋጋ መከራከር ይቻላል። በመደብር ግን በአብዛኛው የተጻፈውን መክፈል ነው።

የመጸው ዕቃ መደርደሪያ ላይ መውጣት የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ጥሩው ተለቅሞ ያልቃል። ብዙ መደብሮች በየዕቃው ላይ ባለ ቀለም ምልክት ይለጥፉና በየሳምንቱ የአንዱን ቀለም ዋጋ በግማሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ገና ሲገቡ የሳምንቱ ቀለም የትኛው እንደሆነ ገንዘብ ተቀባዩን ይጠይቁ። ለአረጋውያንና ለተማሪዎች የሚቀነስበት ቀን ያላቸውም አሉ።

በመደብሩ ውስጥ

የበዓል ዕቃ ወደተደረደረበት መጀመሪያ አይሂዱ። እዚያ ያለው ሁሉ ሰው የሚሻማበትና ለአንድ ወር ብቻ የሚያገለግል ነው። በቀጥታ ወደ ቅርጫቶቹ ይሂዱ።

ለእኛ ቤት ከቅርጫት የሚበልጥ ነገር የለም። እናቶቻችን ሰፌዱን ሥራ ሲፈታ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ቦታ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳው ያምርበት ነበር። ያንኑ ያድርጉ። ጎናቸው አጠር ያለ፣ ክብና መጠናቸው የተለያየ አምስት ወይም ሰባት ቅርጫቶች ይሰብስቡ። የተለያየ አገር ሥራ ቢሆኑ ግድ የለም፤ የሣሩ ቀለም ያስማማቸዋል። እኔ አንዱን በሦስት፣ አንዱን በአራት ዶላር እየገዛሁ ሁለት መስከረም ፈጅቶብኝ ነው የሞላሁት። ትልቁን መሐል፣ ትንንሾቹን ዙሪያውን አድርጌ ስሰቅላቸው ሳሎኑ የእናቴን ቤት መሰለ። ቅርጫት ሲመርጡ ያሽቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ይተዉት፣ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከረገፈም ነቀዝ አለበት ማለት ነው።

ከቅርጫት ቀጥሎ ነሐስ ነው፦ የሻማ ማቆሚያ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ቃጭል። ማግኔትዎን ያስጠጉ። ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፣ ላይ ላዩን ብቻ ነው የተቀባው። ካልያዘውም በእጅዎ ይመዝኑት፤ እውነተኛው ነሐስ ለመጠኑ ከባድ ነው፣ ከሥሩ ጫር ሲደረግም ያው ቢጫ ነው የሚታየው።

የሥዕል ክፈፎችን ሲያዩ ሥዕሉን ይርሱት፤ የሚገዙት እንጨቱን ነው። አስቀያሚ ሥዕል የያዘ ጥሩ ክፈፍ ሁልጊዜ ይረክሳል። የጀርባው ሚስማር ጥብቅ መሆኑንና መስተዋቱ አለመሰንጠቁን ብቻ ይመልከቱ። በብርጭቆ ዕቃዎች ላይ ጣትዎን በከንፈራቸው ዙሪያ ያሽከርክሩ፤ ዓይን የሚስተውን ስብርባሪ ጣት ያገኘዋል። ቡናማና የማር ቀለም ያላቸው ጠርሙሶች መስኮት ላይ ፀሐይ ሲያገኙ የሚሰጡት ብርሃን ልዩ ነው።

ጨርቅ ከሆነ መለያ ወረቀቱን አንብበው ሱፍ ወይም ጥጥ ይምረጡ። ከልብስ ክፍሉ ያለ ሰፊ የሱፍ ሻርፕ ብዙ ጊዜ ከብርድ ልብስ ይረክሳል፤ ሶፋ ላይ ጣል ሲያደርጉት ያው ብርድ ልብስ ነው።

የማይገዛ

ፍራሽና ጨርቅ የለበሰ ወንበር አይግዙ፤ ትኋን አንዴ ቤት ከገባ ከማንኛውም ጌጥ በላይ ያስከፍላል። የኤሌክትሪክ መብራት ከሆነ ሽቦው ያልተላጠና ያልደረቀ መሆኑን ይዩ፤ መደብሩ ውስጥ ሰክተው የሚሞክሩበት ቦታ አለ። ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨት ልጆች ባሉበት ቤት ያሳስባል። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው የማይታወቅ ባለ ቀለም ሸክላ ሳህንንም ለጌጥ እንጂ ለምግብ አይጠቀሙበት።

ቤት ሲደርሱ

ጨርቁን በቦርሳው እንዳለ ወደ ማጠቢያው ይውሰዱ። ሙቀት የሚችለውን በሙቅ ውኃ አጥበው በማድረቂያው ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ሱፍ በሙቅ ውኃ ይኮማተራል፤ እሱን ሳያጥቡ በደረቁ ማድረቂያ ውስጥ ማስገባቱ ይሻላል። ቅርጫቱን በብሩሽ አራግፈው በትንሽ ኮምጣጤ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ነሐሱን በሎሚና በጨው አሽተው ወዲያው በውኃ ያለቅልቁት፣ በደንብም ያድርቁት። ላይ ላዩን የተቀባውን ግን አያሹት፣ ቀለሙ ይለቃል። እኔ የሻማ ማቆሚያዎቼን እንደጠቆሩ ነው የምተዋቸው፤ በሻማ ብርሃን ጥቁረታቸው ይበልጥ ያምራል።

አበባው፣ ቅጠሉና ዱባው

አደይ አበባ የለም ብለው አይዘኑ። የአደይ የሳይንስ ስሙ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ነው፤ የዚያው ወገን የሆኑ ቢጫ አበቦች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እርጥብ ሜዳዎችና የመንገድ ዳር ቦዮች በመስከረም ይፈካሉ። የሜሪላንድ ግዛት አበባ የሆነው ብላክ አይድ ሱዛንም መሐሉ ይጥቆር እንጂ ዘመዱ ነው። ከራስዎ ወይም ከፈቃደኛ ጎረቤት ግቢ ቆርጠው በአንድ ዶላር ጠርሙስ ውስጥ ሲያቆሙት እንግዳ ሁሉ አደይ ነው ይላል። ከሕዝብ መናፈሻ ግን አይቁረጡ።

ቅጠሉ ሲቀላ የረገፈውን ንጹሕ ቅጠል ለቅመው በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ፣ በወረቀት መሐል፣ ለሁለት ሳምንት ይጫኑት። ከዚያ ባዶ ክፈፎችዎ ውስጥ ያስገቡት። ደረቅ ቅጠልና ቅርጫት ከሻማና ከቡናው ከሰል ርቀው ይቀመጡ።

ዱባን በሚመለከት ምክሬ አንድ ነው፦ እውነተኛውን ይግዙ፣ ቀለም አይቀቡት፣ አይቅረጹት። ያልተቆረጠ ዱባ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፤ ከሥሩ ሳህን ያድርጉለት፣ ከበሰበሰ እንጨት ያበላሻል። ለሃሎዊን የሚቀረጸው ትልቁ ዓይነት ውኃ ይበዛዋል፤ ትንሹና ጠንካራው ግን ከጌጥነቱ ሲወርድ ጥሩ የዱባ ወጥ ይወጣዋል።

የምስጋና ቀን ሲያልፍ ቅርጫቶቹ ግድግዳው ላይ ይቆዩ። ነሐሱን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ በሦስቱ ቦታዎች ያልገባውን ሁሉ ደግሞ ወደ ስሪፍት ስቶሩ መልሰው ይስጡ።