ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ልጅዎ እድገት የሚሰጠውን ውጤት እንዴት ማንበብና መጠቀም ይቻላል

የልጆችን እድገትና የአእምሮ ጤና አስቀድመው እንለያለን የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከምርምር ቤት ወጥተው ወደ ሐኪም ክፍልና ወደ ወላጅ ስልክ እየገቡ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ውጤት በእጃቸው ለገባ ወላጆች፣ በተለይም በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኦቲዝም የተወሰዱት፣ በልጆች እድገት ረገድ ቴክኖሎጂው ፈቃድ እስከ ማግኘት የደረሰው በዋናነት በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በእጅዎ ያለው ውጤት ልየታ ነው ወይስ ለሐኪም ውሳኔ የሚያግዝ መሣሪያ ብለው ይጠይቁ። ልየታ ማለት ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መምረጥ እንጂ ለልጁ የሕመም ስም መስጠት አይደለም። በሰፊው የሚታወቀው ኤም-ቻት የተባለው መጠይቅ ምንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለበትም፤ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጁ 20 የአዎን ወይም አይደለም ጥያቄዎች ናቸው። ከ0 እስከ 2 ያለው ድምር ዝቅተኛ ስጋትን ያሳያል፣ ከ3 እስከ 7 ያለው ተከታታይ ጥያቄዎችን ይጠይቃል፣ 8ና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በቀጥታ ወደ ባለሙያ ያስልካል። በአንጻሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፈቃድ የሰጠው የኮግኖዋ ኩባንያ መሣሪያ የተሠራው ሐኪሙን ለማገዝ ነው። ከ18 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የሚያገለግል ሲሆን፣ የወላጅን መልስ፣ ከቤት የተላኩ ቪዲዮዎችን የተመለከቱ ባለሙያዎች የሚሞሉትን መጠይቅና የሐኪሙን መልስ አንድ ላይ አድርጎ ያሰላል። ፈቃዱም ቢሆን መሣሪያው ብቻውን እንዲወስን አልፈቀደም።

በዚህ መሣሪያ ጥናት ላይ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለ። ጥናቱ 425 ልጆችን ያካተተ ሲሆን፣ መሣሪያው ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው ለሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ለቀሩት መወሰን አልቻልኩም ብሎ አለፈ። በእኔ ግምት ይህ ከድካሙ ይልቅ ጥንቃቄውን ያሳያል፤ ነገር ግን «ውጤት የለም» የሚለው ቃል «ልጁ ደህና ነው» ተብሎ ቤት ከገባ አደገኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምላሽ ሲደርስዎ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼና ከማን ጋር እንደሆነ ሳያውቁ ከክሊኒኩ አይውጡ።

ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው፤ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ያዋጣል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ልጁ በታብሌት አጫጭር ፊልሞችን ሲያይ የዓይኑን አቅጣጫ፣ የፊቱን ገጽታ፣ የጭንቅላቱን እንቅስቃሴና ስሙ ሲጠራ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ መተግበሪያ በ475 ሕፃናት ላይ ሞክረው፣ ኦቲዝም ካለባቸው ከ100 ወደ 88 የሚጠጉትን፣ ከሌለባቸው ደግሞ ከ100 ወደ 81 የሚጠጉትን በትክክል እንደለየ ገልጸዋል። በጆሮ ሲሰማ ትልቅ ቁጥር ነው። አሁን ይህን ብቃት ያለው መሣሪያ ለ1,000 ልጆች ቀረበ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዘገባ ክትትል በተደረገባቸው አካባቢዎች በ8 ዓመት ልጆች ላይ ያለውን መጠን ከ31 አንድ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከሺዎቹ ወደ 32 የሚሆኑት ኦቲዝም ይኖርባቸዋል። መሣሪያው ከእነዚህ 28ቱን ይይዛል፣ 4ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 968 ልጆች ደግሞ 184ቱን በስሕተት ስጋት አለባቸው ይላል። እንግዲህ «ስጋት አለበት» ከተባሉት 212 ልጆች ኦቲዝም ያለባቸው 28 ብቻ ናቸው፤ ከ100 ወደ 13 ማለት ነው። በስሕተት ከተያዙት መካከል የንግግር ወይም ሌላ የእድገት መዘግየት ያለባቸው ስለሚገኙ ምርመራው ለእነሱም ከንቱ አይሆንም፤ ሆኖም ወረቀቱን ያየች እናት እንቅልፍ አጥታ ማደር የለባትም። ሐኪሙን «እንዲህ ከተባሉ ልጆች ውስጥ በመጨረሻ የተረጋገጠባቸው ስንቶቹ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። መሣሪያው ምን ያህል ትክክለኛ ነው ብሎ መጠየቅ ያንኑ የማስታወቂያ ቁጥር ብቻ ያስገኛል።

መሣሪያው በማን ልጆች ላይ ተፈትኗል የሚለውም መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራበት አንድ የስጋት ቀመር የጥቁር ታካሚዎችን ሕመም አሳንሶ ይገምት እንደነበር አሳይቷል፤ ምክንያቱም ቀመሩ የሕመምን መጠን የሚለካው ለሕክምና በወጣ ገንዘብ ነበር፣ ለእነሱ ደግሞ የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መዋያ ቦታ እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅም በእንግሊዝኛ ቃላቱ ብቻ ከተመዘነ ያለ አግባብ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። የሁለቱም ቋንቋ ቃላት አንድ ላይ እንዲቆጠሩ ያሳስቡ።

ማሽኑ የሚያሰላው ግን እኛ የሞላነውን ነው፤ ስለዚህ አሞላሉ ላይ ጊዜ ይስጡ። ለምሳሌ ከላይ የጠቀስኩት ኤም-ቻት መጠይቅ ልጁ በጣቱ መጠቆሙን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ የፈለገውን ለመጠየቅ፣ ሌላ ጊዜ ያስገረመውን ለማሳየት። እጅዎን ጎትቶ ማቀዝቀዣው ድረስ የሚወስድዎት ልጅ ፍላጎቱን ነግሮዎታል፣ ግን አልጠቆመም። ውሻ አይቶ በጣቱ ካሳየ በኋላ እርስዎም አይተው እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብሎ ፊትዎን የሚያይ ልጅ ግን ለማሳየት ጠቁሟል። ሁለቱን ሳይለዩ «አዎን» ብሎ ማለፍ ውጤቱን ያበላሻል። «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለውን የዘመድ ማጽናኛም ሆነ፣ «የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል» የሚለውን ምክንያት በመልሱ ውስጥ አያስገቡ። አንገት መድፋትን ልጅ የሚማረው ነፍስ ካወቀ በኋላ ነው፤ የ18 ወር ሕፃን እናቱን ዓይን ለዓይን አለማየቱ በጨዋነት አይገለጽም። ከመሙላትዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ያዩትን በማስታወሻ ይያዙ፤ ልጁን የሚጠብቁት አያትም ከእርስዎ የተለየ ነገር አይተው ሊሆን ስለሚችል ይጠይቋቸው።

ለታዳጊዎች የሚሠሩት ትንበያዎች ገና በምርምር ደረጃ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ብዙ አልቆይባቸውም። ከ11,000 በላይ የአሜሪካ ልጆችን ከ9 እና ከ10 ዓመታቸው ጀምሮ በሚከታተለው ኤቢሲዲ በተባለው ጥናት መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ሞዴል፣ ወደፊት የሚባባስን የአእምሮ ጤና ስጋት ከሚያመለክቱ ነገሮች መካከል የእንቅልፍ መዛባትንና የቤተሰብ ግጭትን ከፊት አስቀምጧል። እነዚህን ለማየት ወላጅ ማሽን አያስፈልገውም።

ስጋት አለ ከተባለ የመጀመሪያው ነገር የመስማት ምርመራ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ላይሰማ ይችላል። በአሜሪካ ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ወደ ግዛትዎ የኧርሊ ኢንተርቬንሽን አገልግሎት፣ ማለትም እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት በጊዜ ድጋፍ ወደሚሰጠው፣ እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። የሐኪም ደብዳቤም ሆነ የተረጋገጠ የሕመም ስም አያስፈልግም፤ ግምገማው በነጻ ነው፤ ከጥቆማው ጀምሮ በ45 ቀናት ውስጥ ተካሂዶ የመጀመሪያው የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ጥያቄው ለትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት በጽሑፍ ይቀርባል። በኢትዮጵያ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአዲስ አበባ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ይገኛሉ። ከከተማ ርቆ ላለ ቤተሰብ ግን ተቀባይ በሌለበት ስጋት ብቻ የሚናገር መተግበሪያ ምን እንደሚጠቅመው አይታየኝም።

በመጨረሻ የልጁን ቪዲዮ ጉዳይ ያስቡበት። በአሜሪካ በሐኪም በኩል ሳይሆን በራስዎ ያወረዱት መተግበሪያ በአብዛኛው በሕክምና ምስጢር ጥበቃ ሕጉ አይሸፈንም፤ በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከመላክዎ በፊት ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ፣ ለሌላ ሞዴል ማሠልጠኛ ይውል እንደሆነና እንዲጠፋ ሲጠይቁ ይጠፋ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የሚሰጡትን የቻት መተግበሪያዎች የልጅዎን ቪዲዮ ሰጥተው «ምን ሆኖ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ማስታወሻዎን በቀን ቅደም ተከተል ለማሰናዳትና ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ለማዘጋጀት ግን የልጁን ስምና የትውልድ ቀን አውጥተው ቢጠቀሙባቸው ይረዳሉ።