ዱባይ ላይ ካርድና ጥሬ ገንዘብ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህን የጻፍኩት በዶላር የተሞላ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይዛችሁ ለዕቃ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ዱባይ ለምትሄዱ ነው።

ከታሰበው በላይ ተቆረጠ

የ367 ድርሃም ዕቃ ገዝታችሁ ከካርዳችሁ 105 ዶላር ተነስቷል እንበል። መነሳት የነበረበት 100 ዶላር ገደማ ነው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ ዛሬ ወጣ፣ ነገ ወረደ አይባልም። ታዲያ 5 ዶላሩ የት ሄደ? የፖስ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ሲል ዶላር ተመርጧል። ካርዱ ውስጥ ያለው ዶላር ስለሆነ ሰው እንዲህ ማሰቡ አይገርምም። ነገር ግን ዶላር ስትሉ ምንዛሪውን የሚያሰላው በማሽኑ በኩል ያለው ድርጅት ነው፤ የራሱን ትርፍም ይጨምርበታል።

መፍትሄው ሁልጊዜ ድርሃም መምረጥ ነው። ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ዶላር ሊነካ ስለሚችል ማሽኑን ወደ እናንተ አዙሩትና ራሳችሁ ተጫኑ። ደረሰኙ ላይ ዶላር ካያችሁ ከሱቁ ሳትወጡ ሽያጩ ተሰርዞ በድርሃም እንዲቆረጥ ጠይቁ፤ ከወጡ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው። ኤቲኤምም ይህንኑ ይጠይቃል፤ የቀረበላችሁን ምንዛሪ አልቀበልም በሉት፣ ገንዘቡን ይሰጣችኋል። የራሳችሁ ባንክ የሚወስደው የአገልግሎት ክፍያ ግን ለብቻው ነው።

ካርዱ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ሱቅ ግን «አይበቃም» ይላል

ብዙ ጊዜ መንስኤው ሆቴሉ ነው። ሲያስገባችሁ ለመያዣ ብሎ የተወሰነ ገንዘብ ያግዳል። አልተወሰደም፣ ግን ልታወጡት አትችሉም። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰረቅሁ ብዬ ተጨንቄያለሁ። ከሆቴሉ ከወጣችሁ በኋላም እገዳው እስኪነሳ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ያን ገንዘብ ለመጨረሻው ቀን ግዢ አትቁጠሩት። መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቀበሉ ካርዳችሁ ነጻ ይሆናል። በአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚከፈል የቱሪስት ክፍያም አለ፤ ቀድማችሁ የከፈላችሁት ዋጋ ላያካትተው ስለሚችል እሱንም ያዙ።

በኢንተርኔት ስትከፍሉ ኮዱ አይመጣም

ባንኩ ክፍያውን ለማረጋገጥ የሚልከው ኮድ የሚመጣው ወደ ኢትዮጵያ ሲማችሁ ነው፤ ሮሚንግ (ሲሙ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት) ካልተከፈተ አይደርስም። ሳትነሱ አስከፍቱ።

ዶላራችሁን መንዛሪው መለሰው

የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ማህተም ያረፈበት ወይም የቆየ እትም ኖት ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ከአገር ስትወጡ ንጹሁን ምረጡ። ኤርፖርት ውስጥ ለታክሲ የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩ፤ ዴይራ በሚባለው የዱባይ የገበያ ሰፈር ያሉት መንዛሪዎች ይሻላሉ።

አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም

ሜትሮ ጣቢያ ኖል ካርድ (የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ) ገዝታችሁ ገንዘብ ሙሉበት።

ኤቲኤሙ ካርዱን አስቀረ

ካርዱን ቶሎ ካልሳባችሁት ማሽኑ መልሶ ይወስደዋል። የባንክ ቅርንጫፍ ያለበትን ኤቲኤም በሥራ ሰዓት ብትጠቀሙ ገብታችሁ ትጠይቃላችሁ። አልሆነ እንደሆነ ወዲያው ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ አሳግዱት። የሚደወልበት ቁጥር ካርዱ ጀርባ ላይ ስለሆነ አሁኑኑ ወረቀት ላይ ገልብጡና ከፓስፖርታችሁ ጋር አድርጉት።