ሽንኩርቱ መቼ ውሃ ይጠጣ? በጣና ዳር ማሳ ላይ ሴንሰር እንዴት እንደሚተከል

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ ሲታጨድ ሽንኩርት ይተካል። ሩዙን ክረምቱ ያሳድገዋል፣ ሽንኩርቱን ግን ፓምፕ ነው። አጎቴም እንደ አካባቢው ሰው ከጉማራ ወንዝ እየሳቡ ያጠጣሉ። አንድ የጥር ጠዋት «በየስንት ቀኑ ነው የሚያጠጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጎረቤት ሲያጠጣ ነዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። የጎረቤታቸው ማሳ ወንዙ ዳር ያለ ደለል ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። የእሳቸው ዋልካ ነው፤ ውሃ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አጎቴ ገና ጠጥቶ ላልጨረሰ ሽንኩርት ቤንዚን ያቃጥላሉ። ሽንኩርት ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ተነቅሎም ብዙ አይቆይም።

ያኔ የሠራናትን፣ የአፈሩን እርጥበት በሴንሰር እየለካች መቼ እንደሚጠጣ የምትነግር ትንሽ መሣሪያ እናንተም እንድትሠሯት ነው ይህን የምጽፈው። ትንሽ ብየዳ የሚችል የሰፈር ልጅ ካለ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ያንኑ ዘዴ ባሕር ዳር ወፍጮ ቤት እንወስደዋለን።

ደረጃ 1፦ ከገበያ በፊት ወረቀት

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዕቃ ከመግዛት ነው። ተዉት። መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ ይህን አደርጋለሁ።» ሁለተኛውን ግማሽ መሙላት ካቃታችሁ ሴንሰሩ አያስፈልጋችሁም።

ለምሳሌ መራዊ ያለውን የቆጋ መስኖ ውሰዱ። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ውሃው የሚደርሰው በቦይ፣ በተራ ነው። ተራችሁ ካልደረሰ ሴንሰሩ ቢጮህም ውሃ የለም። እዚያ «መቼ ላጠጣ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረባም። «መቼ ልዝጋ?» የሚለው ግን ያዋጣል። አጎቴ የራሳቸው ፓምፕ ስላላቸው ሁለቱም ጥያቄዎች የእሳቸው ናቸው።

ደረጃ 2፦ ዕቃው

ሴንሰሩን የሚያነበው ቦርድ (ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው) ኢኤስፒ 32 የሚባለው ይሁን። ርካሽ ነው፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው፣ አርዱይኖ በሚባለው ሶፍትዌር ፕሮግራም ይጻፍበታል።

የአፈር እርጥበት ሴንሰር ሁለት ግዙ። እዚህ ላይ አደራ! ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያለው፣ ብረቱ የሚታየው ይቅርባችሁ። የሚለካው በአፈሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ስለሆነ ብረቱ እየተበላ ይሄዳል፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል። የሚፈለገው ካፓሲቲቭ የሚባለው ነው። አንድ ጠፍጣፋ ምላስ ይመስላል፣ ብረቱም በሽፋን ውስጥ ተደብቋል።

ከዚያ 18650 የሚባለው ሊቲየም ባትሪ፣ ባለ 6 ቮልት ትንሽ ሶላር፣ ቲፒ4056 የሚባል የቻርጅ ቦርድ፣ ሦስት ትናንሽ መብራቶች (ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ)፣ አንድ መጫኛ ቁልፍ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ። ስታኞና ቴስተር የጥገና ሱቅ ያለው ጓደኛ ያውሳችኋል።

ደረጃ 3፦ ሴንሰሩን ማልበስ

የሴንሰሩ አናት ላይ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ራቁታቸውን ናቸው። የጎን ጠርዙም ውሃ ይመጥጣል። እንዳለ ከቀበራችሁት ብዙ አይቆይም። መፍትሔው የእህታችሁ የጥፍር ቀለም ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመሀሉ ይድረቅ። አናቱንና ሽቦው የሚገባበትን በሲሊከን ሸፍኑ። ሲሊከኑ ምላሱን እንዳይነካ፤ ንባቡን ይቀይረዋል።

ሽቦውን አታስረዝሙ፣ ከሁለት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የሚሄደው የቮልቴጅ መጠን ስለሆነ መንገዱ ሲረዝም ይረበሻል።

ቦርዱ ላይ ሴንሰሮቹን ከ32 እስከ 39 ቁጥር ባላቸው ፒኖች (የሽቦ መሰኪያ እግሮች) ላይ ብቻ ሰኩ። ቮልቴጅ የሚለኩት ሌሎቹ (አናሎግ የሚባሉት) ፒኖች ዋይፋይ ሲበራ አያነቡም። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሴንሰሩን ስረግም ውያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፕሮግራሙ ደግሞ አንዴ አንብቦ አይለፍ። ሃያ ጊዜ ያንብብ፣ በቅደም ተከተል ይደርድርና የመሀሉን ይውሰድ። ኢኤስፒ 32 ሲያነብ ትንሽ ይወላውላል።

ደረጃ 4፦ ከራሳችሁ አፈር ጋር ማስተዋወቅ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈውም ይህንኑ ነው።

ሴንሰሩ የሚሰጣችሁ ከ0 እስከ 4095 ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ አፈሩ ደርቋል፣ ሲያንስ ረጥቧል ማለት ነው። ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። 2,100 በደለል ላይና 2,100 በዋልካ ላይ አንድ አይደሉም። ሁለት ሴንሰሮች እንኳ፣ ከአንድ ካርቶን ወጥተው፣ እኩል አያነቡም።

ኢንተርኔት ላይ «አንዴ በአየር ላይ፣ አንዴ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ለኩ» የሚል ምክር ሞልቷል። ሴንሰሩ መሥራቱን ለማየት ይጠቅማል። ሽንኩርት ግን በአየር ላይም በብርጭቆ ውስጥም አይበቅልም። እንዲህ አድርጉ።

ሴንሰሩ ከሚቀበርበት ጥልቀት ሁለት ጣሳ የሚሞላ አፈር አውጡ። ላቦራቶሪ ቢሆን በ105 ዲግሪ ምድጃ ለ24 ሰዓት ይደርቅ ነበር። እኛ ብረት ምጣድ ላይ እያገላበጥን አደረቅነው፤ አክስቴ ምጣዷን እስክታገኘው ድረስ ማለቴ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ስለዚህ ወቅጡት። ግማሹን አንድ ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ሙሉ፣ ሴንሰሩን እስከ አንገቱ አስገቡ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ይህ ደረቁ ነው። ሁለተኛውን ጣሳ ሥሩን ብሱት፣ በቀረው አፈር ሙሉት፣ እስኪጠግብ አጠጡት፣ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። ዋልካ ከሆነ ማደሩ አይቀርም። ከዚያ ለኩ። ይህ ጥጋቡ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ደረቁ 2,800፣ ጥጋቡ 1,400 ቢሆን ልዩነቱ 1,400 ነው። ዛሬ ማሳው 2,100 ካነበበ ከደረቁ 700 ወርዷል። 700 ለ1,400 ሲካፈል ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ። ይህ አፈሩ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን አይደለም። በደረቁና በጥጋቡ መካከል የት ላይ እንደቆማችሁ የሚያሳይ ምልክት ነው። ለገበሬ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ሴንሰር ለየብቻ ሥሩ። ቁጥሮቹን ምሳ ዕቃው ክዳን ውስጥ በእስክሪብቶ ጻፏቸው። ወረቀት ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ መቅበር

አብዛኛው የሽንኩርት ሥር የሚገኘው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። አንዱን ሴንሰር 15 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛውን 40 ላይ ቅበሩ። የላይኛው «ጠማው» ይላል። የታችኛው «ውሃው ሥሩን አልፎ ሄደ፣ ዝጉ» ይላል።

ቦታው የማሳው ጠርዝ አይሁን፣ ቦዩ መሀልም አይሁን። መሀል ማሳ ላይ፣ በመደቡና በቦዩ መካከል ያለው ተዳፋት ይመረጣል። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩና ሴንሰሩን ከጎን በኩል፣ በግድግዳው ውስጥ፣ ቢላ እንደሚሰካ በጠርዙ አስገቡት። ከላይ ወደ ታች ከሰካችሁት ውሃው ሴንሰሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ንባቡም ይዋሻል።

ዋልካ ያላችሁ ልብ በሉ። ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሴንሰሩ አጠገብ ካለፈ ሴንሰሩ የሚለካው አየር ይሆናል። እኛ ጋ አንድ ማለዳ በድንገት ዜሮ በመቶ አሳየ። አጎቴ ጎንበስ ብለው አፈሩን ጨበጡና «ይኼ መሣሪያህ አብዷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቅበሬ በፊት ከዚያው አፈር ቀጭን ጭቃ እሠራና ሴንሰሩን እቀባዋለሁ፤ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ሌላም አለ። በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ውሃ ስንጥቁን ይዞ ስለሚሮጥ የታችኛው ሴንሰር ከላይኛው ቀድሞ ሊረጥብ ይችላል። እንዲህ ካያችሁ ሴንሰሩን አትውቀሱ፤ ያጠጣችሁት ዘግይታችሁ ነው።

ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉትና ከላይ ረጅም እንጨት ትከሉበት። የመጀመሪያዋን ሽቦ የበላት የአራሚ መቆፈሪያ ነው።

ደረጃ 6፦ ወሬው ለማን ይድረስ?

መጀመሪያ ያሰብኩት መልእክት ወደ ስልክ መላክ ነበር። ሲም 800ኤል የሚባል ትንሽ ሞጁል ሲም ካርድ ገብቶበት ኤስኤምኤስ ይልካል። ይሠራል፣ ግን ያስቸግራል። መልእክት ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ባትሪው ወይም ሽቦው ደካማ ከሆነ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ቀጥታ ከሊቲየም ባትሪው፣ በወፍራም አጭር ሽቦ፣ አጠገቡ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምራችሁ አገናኙት።

በኋላ ግን ነገሩ ሳቅ አስያዘኝ። አጎቴ ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ ናቸው። የሚወስኑት እሳቸው፣ ፓምፑን የሚያስነሱት እሳቸው። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቄ ባሕር ዳር ለተኛሁት ለእኔ መልእክት ቢመጣ ምን ይሠራል?

ስለዚህ ምሳ ዕቃው ላይ ሦስቱን መብራቶችና አንድ ቁልፍ ገጠምን። ቁልፉን ሲጫኑ አንዱ ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ዛሬ ይቅር። ቢጫ ከሆነ ቤንዚን ያዘጋጁ። ቀይ ከሆነ ያጠጡ። ኤስኤምኤሱንም አልተውኩትም፣ በቀን አንዴ ይመጣልኛል። ለመዝገብ ያህል።

ባትሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ኢኤስፒ 32 ቺፑ ራሱ ሲተኛ የሚበላው ከቁጥር አይገባም። የተሰካበት ቦርድ ግን የራሱ መብራትና የዩኤስቢ ቺፕ ስላለው ጥቂት ሚሊ አምፔር ሊበላ ይችላል። 10 ሚሊ አምፔር ቢበላ፣ 2,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በ250 ሰዓት ያልቃል። አሥር ቀን ማለት ነው። የቦርዱን መብራት በብየዳ አንሱት፣ በሰዓት አንዴ ብቻ ይንቃ፣ የቀረውን ሶላሩ ይችለዋል።

ደረጃ 7፦ ሁለት ሳምንት መደብ ላይ

ቀይ መብራት በስንት በመቶ ይብራ? ይህን ከኢንተርኔት አትውሰዱ። ሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ጻፉ፣ ከጎኑ ደግሞ የእጅ ምስክርነት ይጻፍ። ከ15 ሴንቲ ሜትር አፈር አውጥታችሁ ጨብጡ። ሳይፈርስ ኳስ ከሠራ ገና ነው። ሲነኩት ፍርፍር የሚል ከሆነ ደርሷል። ሽንኩርት ጥም አይችልም፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ሥሩ ሊወስደው ከሚችለው ውሃ 30 በመቶው ገደማ ሲያልቅ ማጠጣትን ይመክራል። ለቲማቲም 40 ነው። እና ኳሱ ሙሉ በሙሉ እስኪፈርስ አትጠብቁ። የአጎቴ እጅ «ነገ ይጠጣ» ያለበትን ቀን ቁጥር ወስደን ቀዩን እዚያ ላይ አደረግነው። ሽንኩርት ስንት ዓመት ያበቀለ እጅ ከእኔ ፕሮግራም ይበልጣል፤ ሴንሰሩ የሚጨምረው የታችኛውን ማየት ብቻ ነው።

ግንቦት ሳያልቅ ሁሉንም ነቅላችሁ እጠቡ። ፎገራ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ምሳ ዕቃውም ይዋኛል። የደረቀውን አፈር በጣሳው ክደኑና አስቀምጡት። ጥቅምት ላይ ያው ጣሳ ውስጥ መልሳችሁ ለኩ። ቁጥሩ ርቆ ከሄደ ሴንሰሩ ውሃ ገብቶበታል።

ወደ ወፍጮ ቤት

ፋብሪካ ውስጥ መለካት አዲስ ነገር አይደለም። ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ የአየሩን እርጥበት ይለካል፤ አየሩ ሲደርቅ ክሩ ይበጣጠሳል። ወፍጮ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው በጆሮ ነው። ኩሽኔታው (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው) ሲጮህ ይቀየራል፤ ሲጮህ ደግሞ ዘግይቷል።

ያንኑ ቦርድ ውሰዱ። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የሙቀት ሴንሰር በኩሽኔታው ቤት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሁለተኛ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ሁለቱም በአንድ ሽቦ ይነበባሉ፣ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብቻ አትርሱ። የምትከታተሉት ልዩነቱን ነው። ሚያዝያና ሐምሌ ላይ ቤቱ ራሱ አንድ አይሞቅም። ሁለት ሳምንት ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ይመዝገብ፤ ከዚያ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ልዩነቱ ከለመደው 10 ዲግሪ ከጨመረ ግራሶውንና ቺንጋውን እዩ።

የሞተሩን አምፔር ለመለካት ሽቦው ሳይቆረጥ ከውጭ የሚያቅፈው መቆንጠጫ ሴንሰር አለ። የሚታቀፈው አንድ ፌዝ ብቻ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ካቀፋችሁ እርስ በርስ ይጠፋፉና ዜሮ ታነባላችሁ። ይህን የመብራት ሠራተኛ፣ ቆጣሪው ጠፍቶ፣ ይሥራው።

አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተር የሚቃጠልባችሁ ከሆነ ግን ዳታም ሴንሰርም ይቅር። ፌዝ ሲጎድል የሚቆርጥ ሪሌ ገዝታችሁ አስገጥሙ። ስልካችሁ ላይ መልእክት እስኪደርስ ሞተሩ አይጠብቃችሁም።