ጸሎት ስንጨርስ ቶሎ አንነሳ

ብዙዎቻችን ልመናችንን ዘርዝረን፣ «አሜን» ብለን፣ እግዚአብሔር የሚመልስልንን ሳንሰማ ብድግ ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪዳን ሲያበቃ ቶሎ አትውጡ። ስልካችሁን አጥፉና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የዕለቱን ዳዊት አውጡ፤ ለመጨረስ ግን አትሩጡ። እኔ አንዱ መስመር ልቤን ሲይዘው እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ሐሳብ ቢበተን አትጨነቁ፣ ወደ መስመሩ ተመለሱ።

ሳሙኤል እንኳ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ያወቀው በካህኑ በዔሊ በኩል ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ አደራ! ቂም ያዙ የሚል ሐሳብ ግን ምንም ቢያምር ከእግዚአብሔር አይደለም።

የእግዚአብሔር ድምፅ ሥራ ላይም ይሰማል። አራዳ ገበያ በርበሬ ስሸጥ፣ ሚዛኑን ከማንሳቴ በፊት «ጌታ ሆይ፣ አሳየኝ» እላለሁ። አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው፦ ለእኚህ እናት ጨምሪላቸው።