ቢን፣ ኪው፣ ሲኤችዲ፦ የድሮ ጌም ፋይሎችን መለየት

የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲያችሁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ፎልደሩን ስትከፍቱ፣ አንድ ትልቅ ፋይልና አንድ ሚጢጢ ፋይል ታያላችሁ። የትልቁ ስም መጨረሻ ላይ ቢን፣ የትንሹ ደግሞ ኪው ይላል። ብዙ ሰው ትንሹን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ይደልተዋል። እባካችሁ እንዳታደርጉት! ጌሙ ያለ ሙዚቃ የሚሄደው ወይም ጭራሽ አልከፍት የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት ዊንዶውስ የፋይል ኤክስቴንሽን (የስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ቢን ወይም ኪው የሚለውን) እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ሲሠራ ጀምሮ ይደብቀዋል። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጌሙ መጀመሪያ የወጣው በካሴት ነው ወይስ በሲዲ?

የካሴት ከሆነ ቀላል ነው። ፋይሉ ካሴቱ ውስጥ ያለው የሜሞሪ ቺፕ ግልባጭ ነው፤ ሮም የሚሉት እሱን ነው። የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ ዛሬ በስልክ ከምንነሳው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። የኒንተንዶ 64 ሮም ግን በሦስት ኤክስቴንሽን ይመጣል፦ ዜድ64፣ ቪ64 እና ኤን64። ጌሙ ያው ነው፣ የባይቶቹ አደራደር ነው የሚለየው። አብዛኛው ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን የጌም ማሽን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ሦስቱንም ያነባል። ካላነበበ ስሙን መቀየር ዋጋ የለውም፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ራሱን ፋይሉን መቀየር አለባችሁ። የካሴት ጌም በዚፕ ታሽጎም ይሠራል።

ወደ ሲዲው እንመለስ፣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ሲዲ ላይ መረጃ የሚጻፈው እያንዳንዳቸው 2352 ባይት በሆኑ ክፍልፋዮች ነው። አይኤስኦ የሚባለው ፋይል ከእያንዳንዱ የሚይዘው 2048 ባይቱን ብቻ ነው፤ የሙዚቃ ትራክ ደግሞ ጭራሽ አይዝም። ለፕሌይስቴሽን 2 የዲቪዲ ጌም አይኤስኦ ልክ ነው። ለፕሌይስቴሽን 1 ግን አትጠቀሙት፤ ቢን ሁሉንም ባይት ስለሚይዝ የሚሻለው እሱ ነው። ሪጅ ሬሰርን ውሰዱ፦ ሲዲው ላይ ከጌሙ ቀጥሎ ያሉት ትራኮች እንደማንኛውም የሙዚቃ ሲዲ የተቀዱ ናቸው። ጌሙ አንዴ ሜሞሪ ላይ ከተጫነ በኋላ ሲዲውን አውጥቶ የራስን ዘፈን እያዳመጡ መንዳትም ይቻል ነበር። በጣም የምወደው ነገሩ ይሄ ነው!

እና የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምር ለኢሙሌተሩ የሚነግረው ያ ትንሹ ኪው ነው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ክፈቱት። የመጀመሪያው መስመር ላይ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የቢኑ ስም አለ፤ ቢኑን ስሙን ከቀየራችሁት እዚህም መቀየር አለባችሁ፣ አለበለዚያ ኢሙሌተሩ የድሮውን ስም ሲፈልግ ያጣዋል። ሊኑክስ ላይ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት እንኳ ያበላሸዋል። ኢሙሌተሩ ላይ የምትከፍቱትም ኪውን እንጂ ቢኑን አይደለም።

ፋይሉ በዛ፣ ቦታም አነሰ? ሲኤችዲ ተጠቀሙ። ሜም ከሚባለው የአርኬድ (የሳንቲም ማሽን) ጌም ኢሙሌተር ፕሮጀክት የመጣ ነው፣ ቢኑንና ኪውን ምንም ሳይጎድል አንድ ፋይል ውስጥ አጭቆ ያስቀምጣል። ሲኤችዲማን የሚባለው ፕሮግራም ይሠራላችኋል፤ የምትሰጡት ኪውን ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ኢሙሌተሩ ደክስቴሽንም የፕሌይስቴሽን 2ቱ ፒሲኤስኤክስ2ም በቀጥታ ያነቡታል። ዋናውን ከመደለታችሁ በፊት ግን ጌሙን ከፍታችሁ ሞክሩት። የሲዲ ጌምን በዚፕ ማሸግ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ስለዚህ ተዉት። የአርኬድ ጌም ግን ተቃራኒው ነው፦ ዚፑን አትፍቱ፣ ስሙንም አትንኩ፣ ሜም ጌሙን የሚያውቀው በዚያ ስም ነው።

እንደ ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ሲዲ ያለው ከሆነ፣ የሦስቱን ፋይል ስም ኖትፓድ ላይ በየመስመሩ ጽፋችሁ፣ ኤክስቴንሽኑን ኤም3ዩ ብላችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ኢሙሌተሩ ላይ የምትከፍቱት እሱን ነው። ሲዲ ቀይር ሲላችሁ ከኢሙሌተሩ ሜኑ ላይ መምረጥ ብቻ ነው።

ሴቭ ስቴትን (ኢሙሌተሩ ራሱ ጌሙን ባለበት የሚያስቀምጥበትን) ደግሞ ብቻውን አትመኑት። ኢሙሌተሩ አፕዴት ሲሆን ወይም ሌላ ስትቀይሩ ላይከፍት ይችላል። በፕሌይስቴሽን 1 ጌሙ ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ የምታደርጉት ግን 128 ኪሎባይት የሆነች ፋይል ናት፣ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ኢሙሌተር ወደ ሌላው ትሄዳለች። ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት እሷን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ።