የማስረጊያ ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት

ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ መሬት የሚሰርግ ከሆነ፣ አፈሩ በምን ፍጥነት እንደሚመጥ አስቀድማችሁ ለኩ። ማስረጊያው በሚያርፍበት ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አካፋ ግድግዳውን ስለሚለስነው በሚስማር ጫር ጫር አድርጉት፤ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ውሃ ሞልቶ ወዲያው ይለካል። ዋልካ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ሽው ይልና መሬቱ ጥሩ ይመስላል። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ፍሳሹ ግቢ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከጠጠሩ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ሲጎድል እየጨመራችሁ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት አቆዩና አሳድሩት።

በማግስቱ ውሃውን ከጠጠሩ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። በየ30 ደቂቃው የወረደውን ለክታችሁ መልሳችሁ ሙሉ (አሸዋማ ከሆነና ቶሎ ካለቀ በየ10 ደቂቃው)። እንዲህ እያላችሁ ለ4 ሰዓት ያህል ቀጥሉ፤ የሚያዘው የመጨረሻው ልኬት ብቻ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከ24 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተራ ማስረጊያ አያዋጣም። ከ24 ሰከንድ ካነሰም ደስ አይበላችሁ፤ ፍሳሹ ሳይጣራ የከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል።